ሁለት የላቦራቶሪ ወረቀቶች፤ ስለ ደም ኮሌስትሮል ንጥጥር የቀረበ አጭር ጥናት

ባለፈው ክረምት በሐምሌ ወር፣ አሶሳ ሌት ተቀን በሚዘንብባት ሰሞን፣ ከቤታችን በረንዳ ላይ ቡና ተፈልቶ ሳለ ሁለት ሰዎች ሁለት ወረቀት ይዘው ተገናኙ። አንደኛው አጎቴ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ጎረቤታችን ናቸው። ሁለቱም በዚያው ሳምንት ደማቸውን አስመርምረው ውጤቱን ተቀብለው ነበር። አጎቴ ፊታቸው በደስታ ፈክቶ፣ «ኮሌስትሮሌ 178 ነው፤ ከ200 በታች ከሆነ ደኅና ነው ይባላል፤ እንግዲህ ምን ቀረኝ! ደግሞስ እንደ እኔ ባለ ቀጭን ሰው ምን ስብ ይገኛል?» አሉና በሲኒያቸው ላይ ስኳር ጨምረው ጠጡ። ጎረቤታችን ግን፣ «የእኔ 222 ሆነ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዘይት የሚባል ነገር በድስቴ አይገባም፤ እኔ የሞትኩ እንደ ሆነ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?» ብለው እንባ ተናነቃቸው።

እኔም ከአጠገባቸው ተቀምጬ ወረቀቶቹን በየተራ ስመለከት አንድ ነገር አስተዋልሁ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አራት መስመር ቁጥር ተጽፎ ሳለ ሁለቱም ያነበቡት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነበር። ስለ ቀሩት ሦስት መስመሮች ለማስረዳት በዚያ ቀን በቂ ዕውቀት ስላልነበረኝ ዝም አልሁ። በኋላ ግን የባዮሎጂ መምህራችንን ጠይቄ፣ መጻሕፍት አገላብጬ፣ አጎቴንም ወደ ሐኪም አጅቤ ሄጄ የተማርሁትን እነሆ ለመጽሔታችን አንባቢዎች አቀርባለሁ። የጽሑፌ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ይኸውም የደም ስብ ቁጥር ብቻውን ተነጥሎ ሳይሆን ከሌላው ጋር ተመዛዝኖ መነበብ እንዳለበት፣ ሚዛኑም ቢሆን ምልክት እንጂ ፍርድ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ኮሌስትሮል ሲባል መርዝ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ኮሌስትሮል ሰም የመሰለ ነገር ሲሆን ያለ እርሱ የሰው ሕይወት ሊቆም አይችልም። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ እርሱ ነው፤ የምንበላውን ስብ የሚያልመው ሐሞት፣ የወንድነትና የሴትነት ሆርሞኖች፣ እንዲሁም ፀሐይ ቆዳችንን ስትመታው የሚገኘው ቪታሚን ዲ፣ እነዚህ ሁሉ ከእርሱ ወይም ከእርሱ ዘመድ ይሠራሉ። አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን፣ በተለይም ጉበታችን ነው፤ ከምግብ የሚገባው ያንሳል። ስሙም የወጣው «ሐሞት» እና «ጠጣር» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው፤ መጀመሪያ የታወቀው በሐሞት ጠጠር ውስጥ ነበርና።

ስብና ውሃ እንደማይዋሐዱ ወጥ ሲሠራ ያየ ሁሉ ያውቃል። ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ኮሌስትሮል ብቻውን ሊጓዝበት አይችልም፤ ተሸካሚ ያስፈልገዋል። እነዚህ ተሸካሚዎች ሊፖፕሮቲን ይባላሉ። በውስጣቸው ስብ የያዙ፣ በውጭ በፕሮቲን የተጠቀለሉ፣ በዐይን የማይታዩ እንክብሎች ናቸው። ለዛሬው ትምህርታችን ሁለቱን ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው ኤል ዲ ኤል ይባላል። ኮሌስትሮልን ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ያደርሳል። የበዛ እንደ ሆነ ግን ወደ ደም ቅዳ ግድግዳ ሰርጎ ይገባና በዚያ ይከማቻል። ይህ ክምችት ለብዙ ዓመታት ሕመም ሳያሰማ ያድጋል፤ ቧንቧውንም ቀስ በቀስ ያጠበዋል። አንድ ቀን የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ደም በላዩ ይረጋል፤ የረጋው ደም የልብን ጡንቻ የሚመግበውን ቧንቧ ከዘጋ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የአንጎልን ቧንቧ ከዘጋ ደግሞ ስትሮክ ይሆናል።

ሁለተኛው ኤች ዲ ኤል ይባላል። ይህ ደግሞ ትርፉን ኮሌስትሮል ከሕዋሶች እየለቀመ ወደ ጉበት የሚመልስ ነው። ስለዚህ በብዙ መጻሕፍት ኤል ዲ ኤል «ክፉው»፣ ኤች ዲ ኤል «ደጉ» ተብለው ይጠራሉ። አባባሉ ለማስታወስ ያህል ይጠቅማል፤ ፍጹም እንዳልሆነ ግን ወደ ታች እናያለን።

በወረቀቱ ላይ የሚገኘው ሌላው ቃል ትራይግሊሰራይድ ነው። ይህ ኮሌስትሮል አይደለም፤ ሰውነት ለኀይል የሚያስቀምጠው ተራ ስብ ነው። ከሚያስፈልገን በላይ ስኳር፣ የዱቄት ምግብ ወይም የአልኮል መጠጥ በወሰድን ጊዜ ጉበት ትርፉን ወደ ትራይግሊሰራይድ ለውጦ ወደ ደም ይለቀዋል። እንግዲህ ሥጋና ቅቤ የማይበላ ሰው ሁሉ የደም ስብ አይበዛበትም ማለት አይደለም።

ይህ ዕውቀት እንዴት ተገኘ?

እ.ኤ.አ. በ1913 ሩስያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ ለጥንቸሎች ኮሌስትሮል እየመገበ የደም ቅዳቸው ግድግዳ እንደሚበላሽ አሳየ። ጥንቸል ግን ሰው አይደለምና ነገሩ በሰው ላይ መረጋገጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ሐኪሞች 5,209 ጎልማሶችን መዝግበው በየሁለት ዓመቱ እየመረመሩ ማን በልብ ሕመም እንደሚያዝ፣ ማንስ እንደማይያዝ ይከታተሉ ጀመር። ይህ ጥናት በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ላይ ሲቀጥል ኖሯል። የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ የስኳር ሕመምና ኮሌስትሮል የልብ ሕመም ጠቋሚዎች መሆናቸውን ዓለም በሚገባ የተረዳው በዚህ ጥናት ነው።

ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ቀርቶ ነበር። ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያላለ ብዙ ሰዎች በልብ ሕመም ሲያዙ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1977 የፍራሚንግሃም ሐኪሞች ምክንያቱን በከፊል ገለጡት፤ ኤች ዲ ኤሉ ዝቅተኛ የሆነ ሰው ይበልጥ ይታመማል አሉ። ከነዚህ ሐኪሞች አንዱ ዊሊያም ካስቴሊ ጠቅላላውን ኮሌስትሮል ለኤች ዲ ኤል አካፍሎ ማየትን አስለመዱ። ኤል ዲ ኤል በሕዋስ ላይ በሚገኝ ተቀባይ አማካይነት ከደም እንዴት እንደሚወገድ ያሳዩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በኋላም በ52 አገሮች፣ የአፍሪካ አገሮች ጭምር ባሉበት፣ ኢንተርሃርት የተባለ ታላቅ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። በዚያም ከሁሉ ይልቅ ከልብ ሕመም ጋር በብርቱ ተያይዞ የተገኘው አንድ ንጥጥር ነበር፤ ይኸውም የኤል ዲ ኤልና የመሰሎቹ ፕሮቲን ለኤች ዲ ኤል ፕሮቲን ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ሲጋራ በሁለተኛነት ተከተለ።

ሁለቱ ጫፎች

ንጥጥር ማለት በሒሳብ ክፍል እንደ ተማርነው አንዱን ቁጥር ለሌላው አካፍሎ ማስተያየት ነው። ከገጠር ወደ አሶሳ ገበያ የሚመጡ የክልላችን እናቶች ዕቃቸውን በትከሻ ላይ በሚያርፍ እንጨት ሁለት ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ሲሄዱ ሁላችሁም አይታችኋል። ከፊት ያለው ጭነት ብቻውን ከባድ ወይም ቀላል ነው ተብሎ መንገዱ አይታወቅም፤ ከኋላ ያለው አብሮ መታየት አለበት። የደም ስብም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ወረቀቶች እንመለስ። ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የተጻፉ ናቸው።

የአጎቴ፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 178፤ ኤች ዲ ኤል 28፤ ትራይግሊሰራይድ 240፤ ኤል ዲ ኤል 102።

የጎረቤታችን፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 222፤ ኤች ዲ ኤል 67፤ ትራይግሊሰራይድ 90፤ ኤል ዲ ኤል 137።

በብዙ ላቦራቶሪ ኤል ዲ ኤል በቀጥታ አይለካም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ፍሪድዋልድ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ስሌት ይገኛል። ከጠቅላላው ላይ ኤች ዲ ኤልን፣ እንዲሁም የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ መቀነስ ነው። የአጎቴን ብናሰላ 178 ሲቀነስ 28፣ ሲቀነስ 48፣ 102 ይሆናል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

አሁን ጠቅላላውን ለኤች ዲ ኤል እናካፍል። የአጎቴ 178 ለ28 ሲካፈል 6.4 ነው። የጎረቤታችን 222 ለ67 ሲካፈል 3.3 ነው። በተለምዶ ይህ ንጥጥር ከ5 ሲበልጥ ያሳስባል፤ 3.5 አካባቢና ከዚያ በታች ሲሆን መልካም ነው ይባላል። እነሆ፣ በቡናው ሰዓት የተደሰቱት ሰው 6.4፣ ያለቀሱት ደግሞ 3.3 ሆነው ተገኙ!

ስለ ስኳር ሕመም የሚናገረው ንጥጥር

ሁለተኛው ጠቃሚ ንጥጥር ትራይግሊሰራይድ ለኤች ዲ ኤል ሲካፈል የሚገኘው ነው። የአጎቴ 240 ለ28 ሲካፈል 8.6፣ የጎረቤታችን 90 ለ67 ሲካፈል 1.3 ነው። ይህ ቁጥር ከ3 ወይም ከ3.5 ሲያልፍ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ሰውነት እየተቃወመው መሆኑን ሊጠቁም ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ቁልፍ ነው። በተለይ በሆድ ዙሪያ ስብ ሲከማች ሕዋሶች ለቁልፉ እንቢ ማለት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ቆሽት ይበልጥ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ጉበትም ትራይግሊሰራይድ አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል። ትራይግሊሰራይድ ሲበዛ ኤች ዲ ኤል ያልተለመደ ጭነት ተሸክሞ ቶሎ ከደም ይወገዳል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። እንግዲህ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርደው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጄራልድ ሪቨን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እነዚህ ነገሮች ከደም ግፊትና ከስኳር መጨመር ጋር በአንድ ሰው ላይ ተሰብስበው እንደሚገኙ አስረዱ። ዛሬ ይህ ስብስብ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላል።

መለኪያዎቹም አምስት ናቸው፦ የወገብ ዙሪያ መስፋት፤ ትራይግሊሰራይድ 150 እና ከዚያ በላይ መሆን፤ ኤች ዲ ኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች መሆን፤ የደም ግፊት 130 በ85 እና ከዚያ በላይ መሆን፤ ጾም አድሮ የተለካ የደም ስኳር 100 እና ከዚያ በላይ መሆን። ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው ሲንድሮሙ አለበት ይባላል።

አጎቴን ወደ ሐኪም ይዤ የሄድሁት ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንቢ አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ሳልታመም ልታሳምመኝ ነው?» አሉ። እኔም «ጋሼ፣ ወረቀቱን ብቻ ያሳዩአቸው፤ ደኅና ነው ካሉ ሁለተኛ አልናገርም» ብዬ ለመንኋቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው ዝም አሉ፤ ቀጥሎም ሜትር አምጥተው ወገባቸውን ለኩ። 97 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለአፍሪካውያን ወንዶች 94፣ ለሴቶች 80 ሴንቲ ሜትር ድንበር ተደርጎ ይወሰዳል። የደም ግፊታቸው 138 በ88፣ በማግስቱ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳራቸው 118 ሆኖ ተገኘ። አምስቱም መለኪያዎች ተሟሉ።

ሐኪሙም፣ «ጋሼ፣ እጅና እግርዎ ቀጭን ነው፤ ሆድዎ ግን አይደለም። የስኳር ሕመም ገና አልያዝዎትም፤ ከደጃፉ ግን ቆመዋል» አሏቸው። አጎቴ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ታዲያ 178 የተባለው ውሸት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሐኪሙም፣ «ቁጥሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም» ብለው መለሱ። እኔም በዚያች ሰዓት የክፍል ትምህርት ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

ይህ የአጎቴ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በመጽሔት ባልጻፍሁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በሁሉም ክልሎች፣ የእኛም ክልል ጭምር፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ ነበር። በዚያ ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ያለው ግን ከመቶ 21፣ ኤች ዲ ኤላቸው ዝቅ ያለው ደግሞ ከመቶ 69 ያህሉ ሆነው ተገኙ።

ውድ አንባቢ፣ እነዚህን ቁጥሮች ቆም ብለህ ተመልከት። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ የሚያነብ ሰው «በኢትዮጵያ የኮሌስትሮል ችግር የለም» ይላል። አራቱንም መስመር የሚያነብ ግን ከሦስት ሰው በሁለቱ ላይ የእንጨቱ አንዱ ጫፍ ቀሎ ያያል። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ሚዛኑን የሚያዛባው ከፊት ያለው ጭነት ሲከብድ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ከኋላ ያለው ሲቀል ነው።

የኤች ዲ ኤል ማነስ ከምን ይመጣል? ከላይ እንዳልነው ከኢንሱሊን መቃወም ሊመጣ ይችላል። ሲጋራ ማጨስና ያለ እንቅስቃሴ መኖር ይቀንሱታል። ነገር ግን ስብ እጅግ ያነሰበትና እህል ብቻ የበዛበት ምግብም ኤች ዲ ኤልን ዝቅ ያደርጋል፤ ኢንፌክሽንና ሌላም ሰውነትን የሚያስቆጣ በሽታ እንዲሁ። ስለዚህ ኤች ዲ ኤሉ ዝቅ ያለ ገበሬ ሁሉ እንደ አጎቴ ነው ማለት አይቻልም።

ንጥጥር የሚያሳስትበት ጊዜ

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንመጣለን፤ ዕውቀት ያለ ጥንቃቄ አደጋ ነውና።

አንደኛ፦ ንጥጥር በሁለት መንገድ ሊያድግ ይችላል፤ ላዕሉ ሲጨምር ወይም ታህቱ ሲቀንስ። ጠቅላላው 120፣ ኤች ዲ ኤሉ 27 የሆነ አንድ ወጣት አለ እንበል። ጠቅላላው 240፣ ኤች ዲ ኤሉ 54 የሆነ ሌላ ሰውም አለ እንበል። አስላው፤ የሁለቱም ንጥጥር 4.4 ነው። ሆኖም ሁለተኛው በደሙ የሚያዞረው ኮሌስትሮል ከመጀመሪያው እጥፍ ነው። ንጥጥሩ አንድ ስለ ሆነ አደጋው አንድ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሞች ሕክምና ሲወስኑ በተለይ የኤል ዲ ኤልን መጠን ራሱን ይመለከታሉ።

ሁለተኛ፦ ኤች ዲ ኤል ምልክት ነው እንጂ ጋሻ መሆኑ አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤች ዲ ኤልን በእጅጉ የሚያስጨምር ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት በሙከራ ላይ ሳለ በሚወስዱት ሰዎች ዘንድ ሞት ስለ በዛ ሙከራው ተቋረጠ። ቁጥሩን በመድኃኒት ከፍ ማድረግ ብቻውን ልብን አያድንም። ኤል ዲ ኤልን ዝቅ የሚያደርጉ ስታቲን የሚባሉ መድኃኒቶች ግን የልብ ሕመምንና ሞትን እንደሚቀንሱ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል።

ሦስተኛ፦ የትራይግሊሰራይድና የኤች ዲ ኤል ንጥጥር በሁሉም ሕዝብ ዘንድ እኩል አይሠራም። በአሜሪካ በሚኖሩ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ኢንሱሊን በሚገባ የማይሠራላቸው ሰዎች እንኳ ትራይግሊሰራይዳቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል። እንግዲህ ንጥጥሩ ከፍ ማለቱ ሊያስጠነቅቅ ይገባል፤ ዝቅ ማለቱ ግን የስኳር ምርመራን አያስቀርም።

አራተኛ፦ የመለኪያውን ስም አንብብ። አንዳንድ ላቦራቶሪ በሚሊ ሞል በሊትር ይጽፋል። ኮሌስትሮልን ወደ ሚሊ ግራም ለመለወጥ በ38.7፣ ትራይግሊሰራይድን በ88.6 ማባዛት ያስፈልጋል። የጠቅላላውና የኤች ዲ ኤል ንጥጥር በሁለቱም መለኪያ አንድ ነው፤ የትራይግሊሰራይዱ ግን ይለያያል። የአጎቴ 8.6 በሌላው መለኪያ 3.7 ይሆናል። ከዚህም ሌላ ትራይግሊሰራይድ ከምግብ በኋላ ስለሚጨምር ሐኪም ጾመህ ና ካለህ ጾመህ ሂድ።

አምስተኛ፦ ንጥጥር የአንድ ሰው ታሪክ ሙሉ አይደለም። ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም አብረው ይታያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የአደጋ መገመቻ ሰንጠረዥ ላቦራቶሪ በሌለበት ስፍራ የሰውን ክብደትና ቁመት በኮሌስትሮል ፈንታ መጠቀም እንደሚቻል ተመልክቷል። ይህ ከአሶሳ ርቀው በገጠር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ታላቅ ነገር ነው፤ ላቦራቶሪ ባይኖር የደም ግፊት መለኪያ፣ ሚዛንና ሜትር ብዙ ይናገራሉና።

የሁለቱ ሰዎች ነገር እንዴት ሆነ?

ጎረቤታችን ለሐኪም ታይተው ተጽናኑ። ቢሆንም ኤል ዲ ኤላቸው 137 ስለ ነበር ፈጽሞ ቸል እንዳይሉት ተመከሩ። ዘይት ጨርሰው እንዲተዉ አልተነገራቸውም። ቅቤንና የሚረጋውን የፓልም ዘይት ቀንሰው በኑግ ወይም በሰሊጥ ዘይት እንዲተኩ ነው የተመከሩት፤ የሚረጋ ስብ ኤል ዲ ኤልን ይጨምራልና። ባምያ፣ ባቄላና ምስር የመሳሰሉት ደግሞ በውስጣቸው ባለው አሰር ኮሌስትሮልን በጥቂቱ ይቀንሳሉ። እሳቸውም፣ «ባምያ ከሆነማ መድኃኒቱ ከጓሮዬ አለ!» ብለው ሳቁ።

የአጎቴ ነገር ከሻይ ጀመረ። በቀን ስድስት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱም አራት ማንኪያ ስኳር ይጠጡ ነበር። አስልቼ 24 ማንኪያ፣ ማለት ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ስኳር መሆኑን ባሳየኋቸው ጊዜ ደነገጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ነውና። ደግሞም ቀድሞ ዕቃ ይዘው በእግራቸው ይዞሩ የነበሩት ሰው ሞተር ብስክሌት ከገዙ ወዲህ እግራቸው መሬት አይነካም ነበር። ሐኪሙ ለአራት ወር ጊዜ ሰጥተው፣ ስኳሩን እንዲቀንሱ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው እንዲሄዱ፣ ከዚያም ተመልሰው እንዲመረመሩ አዘዟቸው። ማታ ማታ አብሬያቸው እየተራመድሁ ትምህርቴን እየተረኩላቸው ከረምን።

በኅዳር ወር ሁለተኛው ወረቀት መጣ። ክብደታቸው አምስት ኪሎ ቀንሷል፤ ትራይግሊሰራይዳቸው ከ240 ወደ 152 ወርዷል፤ ኤች ዲ ኤላቸው ከ28 ወደ 33 ወጥቷል፤ ስኳራቸውም ከ118 ወደ 104 ዝቅ ብሏል። ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ግን ከ178 ወደ 170 ብቻ ነው የወረደው። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያነበበ ሰው «ይህን ያህል ደክመው ምንም አልተለወጠም» ባለ ነበር። ንጥጥሩ ግን ከ6.4 ወደ 5.2፣ የትራይግሊሰራይዱም ከ8.6 ወደ 4.6 ወርዷል። ገና መልካም ከሚባለው አልደረሰም፤ ሐኪሙም ክትትሉ እንዲቀጥል፣ ምናልባት መድኃኒትም ሊያስፈልግ እንደሚችል ነግረዋቸዋል። ዳሩ ግን መንገዱ ተይዟል።

ጓደኞቼ ተማሪዎች፣ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ይህ በሽታ ሲጀምር አያምም፤ ሲያምም ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ብዙዎቻችን በቤታችን ውስጥ የላቦራቶሪ ወረቀት ለማንበብ የምንችል የመጀመሪያ ሰዎች ነን። እንግዲህ እናትህ ወይም አባትህ፣ አክስትሽ ወይም አጎትሽ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው የመጡ እንደ ሆነ፣ ተቀብላችሁ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ፤ አካፍሉ፤ አመዛዝኑ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሐኪም አትፍረዱ፤ የጀመሩትንም መድኃኒት አታስጥሏቸው። እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም አድርሷቸው። የተማረ ልጅ ለቤተ ሰቡ ሊከፍለው ከሚችለው ውለታ አንዱ ይህ ይመስለኛል።